መርፌዋ ቆማለች?

ባለቤቴን ሰው ሁሉ «በረዶ» ነበር የሚለው። ልቡ ቀዝቃዛ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ቶሎ የሚቆጣ፣ ቶሎ የሚስቅ ሰው ነበር። የመኪና ኤሲ ጠጋኝ ስለሆነ ነው። ሙቀት ያነደደው ሹፌር ግንባሩን እየጠረገ ይመጣና ከበራችን ቆሞ «በረዶ አለ?» ይላል። እኔም «አለ፣ ገና አልሟሟም» እላለሁ። ይህቺን ቀልድ ስንት ዓመት እንደደጋገምኳት አላውቅም። አሁን የሚጠይቀኝ የለም። እሱ ካረፈ አራት ዓመት ሞላው።

ጋራዡና ቤታችን አንድ ላይ ነበሩ። ፊት ለፊት ሁለት መኪና የሚያስገባ ቆርቆሮ ቤት፣ ከኋላው አንድ መኝታ ቤትና አንዲት ጠባብ ወጥ ቤት። በመሀል ያለው በር ገጥሞ አያውቅም፤ አንሶላችን ሳይቀር የኮምፕሬሰር ዘይት ይሸት ነበር። ልጅ አልሰጠንም። ሁለታችን ብቻ ስለነበርን ገና በሙሽርነቴ ካቻቢቴ ማቀበል ጀመርኩ፣ በዚያው ቀረሁ።

እኔ ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም። ቁጥርን በደንብ የለየሁት ከመምህር ሳይሆን ከእሱ ጌጅ ላይ ነው። ጌጅ የምላችሁ ሁለት ክብ ሰዓት የሚመስል ነገር ነው፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ፣ ከሥራቸው ቱቦ የተንጠለጠለ። ቱቦውን ከመኪናው ቧንቧ ጋር ሲያገናኘው፣ መርፌዋ ውስጥ ያለውን ግፊት ትናገራለች። ጋዝ ከመሙላቱ በፊት በትንሽ ሞተር አየሩን ከቧንቧው መጦ ያወጣል። ያኔ የሰማያዊው መርፌ ከዜሮ በታች ትወርድና ሠላሳ ልትደርስ ስትል ትቆማለች። ሞተሩን ያጠፋል፣ መክፈቻውን ይዘጋል፣ ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ነው። ቀዳዳ ከሌለ መርፌዋ ካለችበት አትነቃነቅም። የፀጉር ያህል ቀዳዳ ካለ ግን አየር ይገባና ቀስ እያለች፣ እንደ ሌባ፣ ወደ ዜሮ ትመለሳለች።

ሌሎቹ ጠጋኞች ሩብ ሰዓት ይጠብቃሉ። የኔው ሰውዬ ባለመኪናው ቢጮህም ቢያለቅስም ሙሉ አንድ ሰዓት ነበር። «ሰው ይዋሻል፤ መርፌ አትዋሽም» ይል ነበር። እውነቱን ነው። መርፌዋ ዋሽታ አታውቅም።

ሃምሳ አምስት ዓመት ሲሆነው የስኳር በሽታው ዓይኑን ጀመረው። መጀመሪያ ጌጁን ወደ አፍንጫው ማስጠጋት አመጣ። ቀጥሎ አምፖሉን ሰደበ፣ ቀጥሎ የመስኮቱን አቧራ። አንድ ቀን «ነይማ፣ አንቺ ስንት ትላለች?» አለኝ፣ እንደ ጨዋታ አድርጎ። «ሃያ ዘጠኝ» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «መነጽሬ» ሆነ። ስለ ዓይኑ ቁጭ ብለን ተነጋግረን አናውቅም። ሰው ካለ ጮክ ብሎ፣ አዋቂ ተማሪውን እንደሚፈትን፣ «መርፌዋ ቆማለች?» ይለኛል፤ እኔም ያየሁትን እናገራለሁ። ማንም አልጠረጠረም። ቢጠረጥሩማ መኪናውን ለዕውር የሚሰጥ ማን ነው? እጁ ግን ከማንም ዓይን ይበልጥ ነበር። ቡሎን በጣቱ ጫፍ ዳስሶ ጥርሱ መበላቱን ይነግርሃል።

ጥርስ ሐኪሙ የመጣው በዚያ ጊዜ ነው። ጡረታ የወጣ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የሚለብስ፣ ቀልደኛ ሽማግሌ። መኪናው ከመሬት ከፍ የማትል፣ ሁለት በርና ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ለወጣቶች ሩጫ የተሠራች ቀይ መኪና ነበረች። ቀይዋ በፀሐይ ብዛት ወደ ብርቱካን ሄዳለች። ሐኪሙ ከውስጧ ሲወጣ ጉልበቱን ይዞ፣ በየመሀሉ እያረፈ ነበር።

«በረዶ፣ ይህቺን ሴት አቀዝቅዝልኝ።»

«የቷን፣ ዶክተር? መኪናዋን ነው ባለቤትዎን?»

«ባለቤቴንማ አርባ ዓመት ሞክሬ አቃተኝ።»

ሳቁ። ከዚያ ሐኪሙ ከአሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠና ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ሚስቱ ልቧን ታማለች። ሙቀት ሲነካት ትንፋሿ ይቆራረጣል። ያለቻት አንዲት ታላቅ እህት ናት፤ ከሜዳው ማዶ፣ የአምስት ሰዓት መንገድ፣ በዚያ እሳት በሚተፋ ሜዳ። እህትየዋ እግሯ አይሄድም። ልጆቻቸው ትልቅ መኪና እንከራይልሽ ቢሏት፣ «በሙሽርነቴ በዚህች ነው የወሰደኝ፤ እህቴም ጋ በዚህች እሄዳለሁ፤ አለዚያ ይቅር» አለች። የዚህች ኤሲ ደግሞ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመቱ።

«በሁለት ሳምንት ይደርሳል?» አለ ሐኪሙ። «ከዚያ ካለፈ ሙቀቱ ይብሳል። እሷም…» ብሎ ተወው።

ባለቤቴ መኪናዋን በእጁ መዳበስ ጀምሮ ነበር። ኮፈኑን ከፍቶ ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ፣ ዶሮ እንደሚገዛ ሰው፣ ጨበጠ። «ይደርሳል» አለ።

ቀላል አልነበረም። ያቺ መኪና ስትሠራ የነበረው ጋዝ ዛሬ አይሸጥም። አዲሱ ጋዝ ሌላ ነው፤ አሮጌውን ዘይት አይወድም፣ በአሮጌው ጎማም ሾልኮ ይወጣል። ስለዚህ ዘይቱ ታጥቦ መውጣት አለበት፣ በየመጋጠሚያው ያለው የጎማ ቀለበት ሁሉ መለወጥ አለበት። አሮጌዎቹ ጥቁር ናቸው፣ አዲሶቹ አረንጓዴ። መጋጠሚያው አሥራ አንድ ነው። አሥሩ ከኮፈኑ ሥር በቀላሉ ይገኛል። አሥራ አንደኛው ግን ከዳሽቦርዱ ሥር፣ አየሩን ከሚያቀዘቅዘው ሳጥን ጋር፣ እጅ በማይገባበት ጥግ ነው።

እዚያ ለመድረስ ባለቤቴ ተዘቅዝቆ መተኛት ነበረበት፤ ጭንቅላቱ ከፍሬኑ ሥር፣ እግሩ በወንበሩ መደገፊያ ላይ ወደ ሰማይ። ጥርስ ሐኪሙ አይቶ፣ «ታካሚዎቼ እንዲህ ቢተኙልኝ እንዴት ደስ ይለኝ ነበር!» አለ።

«እርስዎ ቢያንስ አፋቸውን ይከፍቱልዎታል» አለ የኔው ከታች። «ይቺ አፏን ዘግታ ነው የምትናከሰው።»

እኔ ከበሩ ዘንድ ተንበርክኬ አረንጓዴዋን ቀለበት ከመዳፉ ላይ አኖርኩለት። በሌላው እጁ የፈታትን አሮጌዋን ይዞ ነበር። እዚያ ጨለማ ውስጥ ነው የተለዋወጡት። አውጥቶ የሰጠኝን ሳላየው ከአሮጌዎቹ ጋር ቆርቆሮ ውስጥ ጣልኩት። ከፍቼ አይቼ ቢሆን ከጥቁሮቹ መሀል አንዲት አረንጓዴ አገኝ ነበር። አላየሁም። ማን ያያል?

ሁለት ጊዜ አየሩን መጠጠ፤ ሁለት ጊዜ መርፌዋ ተመለሰች። አንዴ የኮምፕሬሰሩ ቱቦ ተሰንጥቆ ተገኘ፣ አንዴ ከፊት በኩል ያለው ቧንቧ። ሁለቱንም ለወጠ። በሦስተኛው ቀን እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፤ ስኳሩ ወርዶበት ጣፋጭ ሻይ እንደ ሕፃን እየያዝኩ አጠጣሁት። ጉልበቱ ተልጧል። ከጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ዛሬ ካልቆመች ያን ዳሽቦርድ ዳግመኛ ማውረድ ነው። እኔ ደግሞ እዚያ ከገባሁ የምወጣ አይመስለኝም» አለኝ። ያለወትሮው ነው፤ «አልችልም» የሚል ሰው አልነበረም።

ሐኪሙ መጥቶ ቆሟል። ጉዞው ነገ ጠዋት ነው። እህትየዋ አልጋ አንጥፋ ትጠብቃለች። ሞተሩ ጠፋ፣ መክፈቻው ተዘጋ። እኔ ከሣጥን ላይ ተቀምጬ ጌጁን ጭኔ ላይ አደረግኩ።

ሃያ ዘጠኝ።

እነሱ ስለ ጥርስ ያወራሉ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሃያ ስምንት ተኩል መሰለችኝ፤ ዓይኔ ነው አልኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሃያ ስምንት። አንድ ሰዓት ሲሞላ ሃያ ስድስት ላይ ነበረች።

ባለቤቴ መኪናዋን ተደግፎ ፊቱን ወደኔ አዞረ። «መርፌዋ ቆማለች?»

የተላጠውን ጉልበቱን አየሁ። እጁን ከኪሱ ከትቶ መንቀጥቀጡን ሲደብቅ አየሁ። ሐኪሙን አየሁ። ሦስት መስመር ምን አላት፣ አልኩ በልቤ።

«ቆማለች» አልኩ።

ትንፋሹን ለቀቀ። ጋዙን ሞላ። ሞተሩን አስነስቶ ያቺን እንደ ስንደዶ የቀጠነች ቴርሞሜትር አየሩ ከሚወጣበት ቀዳዳ ሰካልኝ። «ስንት ትላለች?» «ሰባት» አልኩ። ይሄ እውነት ነበር። ሐኪሙ ፊቱን ደቅኖ ዓይኑን ጨፈነ።

ከሰዓት በኋላ ሚስቱን ለሙከራ ይዟት መጣ። እንደ ወረቀት የሳሳች ሴት። ከወንበሩ ስትቀመጥ ንፋሱ ከጆሮ ግንዷ ላይ ያለውን ሽበት ነቀነቀው። «ልክ እንደዚያን ጊዜ» አለች ለባሏ። ወዲያው ወደ በረዶ ዞራ፣ «እጅዎ ይባረክ» አለችው። ኋላ ባለቤቴ፣ «ፈገግ ብላለች እንዴ?» አለኝ። «ጥርሷ እስኪታይ» አልኩት። ይሄም እውነት ነበር።

በነጋታው ሄዱ። ሁለት ሰዓት እንደተጓዙ፣ ከሜዳው መሀል፣ ንፋሱ ለብ አለ። ከዚያ ሞቀ። ከዚያ እንደ ምድጃ አፍ ሆነ። ትንፋሿ ሲቆራረጥ ሐኪሙ ሻሿን በመጠጥ ውሃ እያራሰ መኪናዋን አዙሮ ተመለሰ። ሕይወቷ ያኔ አልወጣም። ግን ከዚያ በኋላ መንገድ የሚፈቅድላት ሐኪም አልተገኘም፤ በሁለተኛው ወር ከአልጋዋ ላይ አረፈች። እህትማማቾቹ ሳይተያዩ ቀሩ።

ከመንገድ በተመለሱ በሦስተኛው ቀን ነው ጥርስ ሐኪሙ በእግሩ መጥቶ የነገረን። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «በረዶ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። መኪናዋ አርጅታለች፣ እኛም አርጅተናል» አለ።

ባለቤቴ ግን እሱን አልሰማውም። ወደኔ ዞሮ፣ «መርፌዋ ቆማ ነበር» አለ። «ቆማ አልነበረም እንዴ?»

ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ቆማ ነበር» አልኩ።

የመጀመሪያዋን በርኅራኄ ነው የዋሸሁት ልበል። ሁለተኛዋን ግን በፍርሃት ነው።

ሐኪሙ ከሄደ በኋላ ባለቤቴ፣ «መርፌዋ ቆማ ጋዙ ከሄደ፣ እንግዲያው እኔ ይህን ሥራ አላውቀውም ማለት ነው» አለ። እንዳኮረፈ ሰው አልነበረም የተናገረው፤ ሒሳብ ሠርቶ እንደጨረሰ ሰው ነው። በዚያው ሳምንት ከበሩ በላይ ያለውን ሰሌዳ አወረደ። መሣሪያዎቹን በዘይት ጠርጎ በጨርቅ ጠቀለለ። ወንበር አውጥቶ ከደጃፉ ተቀመጠ።

ሁለት ዓመት እዚያ ተቀመጠ። መኪና ባለፈ ቁጥር ጆሮውን ያቀናል። «የዚህ ቺንጋ ላልቷል።» «የዚያ ኮምፕሬሰር ሳምንት አይደርስም።» እላለሁ፣ «ታዲያ ጠርተህ አትነግረውም?» «ምን ብዬ? ሥራውን የማላውቅ ሰውዬ?» የሚመጣም ደንበኛ ካለ ወደ ሌላ ጋራዥ ይሰደዋል። ደጋግሞ የሚለኝ፣ «ዓይኔስ አንቺ አለሽልኝ፤ እጄ ነው የከዳኝ» ነበር። ስንት ጠዋት ልነግረው ሻይ ይዤ ወጥቻለሁ። ይህን ሲለኝ ሻዩን ሰጥቼ እመለሳለሁ።

ዓመት እንዳለፈ ጥርስ ሐኪሙ ብቻውን መጣ። ባለቤቴ ተኝቶ ነበር። ከደረት ኪሱ ጥጥ አወጣ፤ የተነቀለ ጥርስ እንደሚጠቀልሉት አድርጎ ጠቅልሎታል። ውስጡ ጥቁር የጎማ ቀለበት ነበረች።

«መኪናዋን ሌላ ቦታ አስፈታኋት» አለ ቀስ ብሎ። «ከዳሽቦርዱ ሥር ያለችው ናት። ሳትለወጥ ቀርታለች። ጠጋኙ ለሰው እያሳየ ሲስቅ ነው የተቀበልኩት። በሰው እጅ እንዳትቀር ብዬ ነው እትዬ። ለሱ አልነግረውም። ይጣሏት።»

አልጣልኳትም። ከቁልፎች ጣሳ ውስጥ፣ ከሸሚዝ ቁልፍ ጋር፣ አስቀመጥኳት።

ከዚያ ኩላሊቱን አመመው። አልጋ ያዘ። ዓይኑም ከብርሃንና ከጥላ በቀር አይለይም። ክሊኒኩ ቴርሞሜትርና ደብተር ሰጠን፤ ጠዋትና ማታ ትኩሳቱን ለክታችሁ ጻፉ፣ ከሠላሳ ስምንት ተኩል ካለፈ ይዛችሁት ኑ አሉ። ከመለካቱ በኋላ «ስንት ትላለች መነጽሬ?» ይላል፣ እኔ እነግረዋለሁ፣ እጽፋለሁ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ መኪና በመንገዱ አለፈ። ከትራሱ ቀና አለ። «የዶክተር መኪና ናት። ስሚያት፣ ኤሲዋ እየሠራ ነው። ድምጿ ጤነኛ ነው።» ጆሮውን ወደ መንገዱ አዘንብሎ፣ «ማን ሠርቷት ይሆን? እኔ ያጣሁትን ምን አግኝቶባት ይሆን?» አለ።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ጣሳውን አምጥቼ ቀለበቷን ከመዳፉ ላይ አኖርኩለት።

በጣቱ አሽከረከራት። ጫን አደረጋት። «አሮጌ ናት» አለ። «ደርቃለች። የት ነበረች?»

«ከዳሽቦርዱ ሥር።»

«አሃ…» አለ። ቀጥሎ ግንባሩ ተቋጠረ። «ታዲያ ይቺ እዚያ ካለች መርፌዋ እንዴት ትቆማለች?»

ጣሳውን ከአልጋው ጫፍ አስቀመጥኩ።

«መርፌዋ ስንት ነበረች?»

«ሃያ ስድስት።»

«ከሃያ ዘጠኝ?»

«ከሃያ ዘጠኝ።»

«በአንድ ሰዓት?»

«በአንድ ሰዓት።»

ፊቱ በራ። እውነቴን ነው፣ ሞተ የተባለ ወንድሙ በሕይወት አለ እንደተባለ ሰው በራ። «ታዲያማ ነግራን ነበራ!» አለ። «ቀለበት መሳሳት ማንም ይሳሳታል። መርፌዋ እኮ ነግራን ነበር! ዳሽቦርዱን አወርደው ነበር፣ በዚያው ቀን አገኛት ነበር…» እጁን እንደ ድሮው ወደ ላይ አነሣ። ከዚያ እጁ አየር ላይ እንዳለ የፊቱ ብርሃን ጠፋ።

«ሁለት ዓመት» አለ።

«ላሳርፍህ ብዬ ነው…» አልኩ እያለቀስኩ።

«አሳርፈሽኛልማ።» ቆይቶ ደግሞ፣ «ሴትየዋስ?» አለ። «እጅዎ ይባረክ ብላኝ ነበር እኮ» አለና ወደ ግድግዳው ዞረ።

አልሰደበኝም። ከእጄ ይበላል፣ ትራሱን ሳስተካክል አንገቱን ይሰጠኛል። የዚያን ዕለት ማታ ግን ቴርሞሜትሩን ከብብቱ አውጥቶ ያዘና፣ «ልብስ ሰፊዋን ጥሪልኝ» አለ። ጎረቤታችን ናት፤ ግድግዳ ነው የሚለየን። ሄጄ አንኳኳሁና ቁጥሩን እንድታነብለት ለመንኳት።

«ኧረ እማማ፣ እርስዎ እኮ ቁጥር ያውቃሉ!» አለች መርፌዋን ደረቷ ላይ እየሰካች።

«ዛሬ ዓይኔን አሞኝ ነው» አልኳት።

ሌላም ውሸት። ሦስት ሳምንት ጠዋትና ማታ እየመጣች አነበበችለት። እሷ ቁጥሩን ስትጠራ እኔ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። አንድ ቀን ስትወጣ ከደጅ ላይ ይዛኝ፣ «ዓይንዎን ለምን አይታዩም?» አለችኝ። እሺ እታያለሁ አልኳት።

የመጨረሻው ጠዋት ላይ ፊቱ ቀልቷል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ቴርሞሜትሩን ራሱ ከብብቱ አወጣ። ልጠራት ነጠላዬን ሳነሣ፣ «መነጽሬ» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ ስም ጠርቶኝ አያውቅም። እጁን ዘርግቶ ቴርሞሜትሩን ወደኔ ይዟል።

«ስንት ትላለች?»

ተቀበልኩት። ሠላሳ ዘጠኝ ከአራት። ትኩሳቱ እንዲህ ከወጣ ኩላሊቱ አልቆለታል ማለት እንደሆነ ነግረውናል፤ ከዚህ በኋላ ክሊኒክ ቢሄድም በእግሩ እንደማይመለስ አውቃለሁ። ሠላሳ ሰባት የሚለው ቃል ከምላሴ ጫፍ ቁጭ ብሎ ነበር። እሱ እየጠበቀ ነው፤ ያንን ቀን መኪናዋን ተደግፎ እንደጠበቀው፣ ፊቱን ወደኔ አዙሮ።

«ሠላሳ ዘጠኝ ከአራት» አልኩ።

«ወደ መስኮቱ ወስደሽ እዪው።»

ወሰድኩት። በብርሃኑ አየሁት። «ሠላሳ ዘጠኝ ከአራት።»

«እሺ» አለ። «በይ ጫማዬን አምጪልኝ፣ እንሂድ።»

ከአልጋው ሥር ጎትቼ አወጣሁለት። እግሩ አብጦ ስለነበር ማሰሪያውን እስከ ታች ፈታሁት፤ ተንበርክኬ መጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን አጠለቅኩለት። ለመነሣት ትከሻዬን ያዘ። ልብስ ሰፊዋን ጥሪልኝ አላለኝም።